ክርስቲያናዊ ሄዶኒዝም

ክርስቲያናዊ ሄዶኒዝም፦ በእግዚአብሔር መደሰት ለአማኝ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው፤ እግዚአብሔርም በሰው ሕይወት ይበልጥ የሚከብረው ሰው በእርሱ ሲረካ ነው የሚል የፕሮቴስታንት ክርስትና አስተምህሮ ነው። ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1946 የተወለደው አሜሪካዊው መጋቢና ጸሐፊ ጆን ፓይፐር ነው። ሐሳቡን በዝርዝር ያቀረበበት ዋና መጽሐፍ በ1986 የታተመ ሲሆን፣ ርዕሱ በአማርኛ «እግዚአብሔርን መናፈቅ» ሊባል ይችላል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜው

«ሄዶኒዝም» የመጣው ተድላ ወይም ደስታ የሚል ፍቺ ካለው «ሄዶኔ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በፍልስፍና ታሪክ ይህን አመለካከት ከያዙት መካከል በይበልጥ የሚታወቀው ኤፊቆሮስ (341–270 ዓ.ዓ.) ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስን በአቴና ከተከራከሩት መካከል የእርሱ ወገኖች ነበሩ። ኤፊቆሮስ ራሱ ድግስና ስካርን አልሰበከም፤ የፈለገው ከሕመምና ከጭንቀት ነጻ የሆነ ጸጥ ያለ ኑሮ ነበር። ዛሬ ግን ሄዶኒስት ሲባል ለሆዱና ለሥጋው የሚኖር ሰው ነው የሚታሰበው። ፓይፐር ቃሉን የመረጠው አንባቢን ቆም አድርጎ እንዲያሳስብ አስቦ ነው። ብዙ ተቺዎችም መጀመሪያ የሚሰናከሉት በዚሁ ቃል ነው።

በአማርኛ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። «ተድላ» ምቾትንና ድሎትን ያስታውሳል፤ «ሐሴት» ደግሞ የመዝሙረ ዳዊት ጠረን ስላለው ማንንም አያስደነግጥም። ስለዚህ አስተምህሮው «በእግዚአብሔር ሐሴት ማድረግ» ተብሎ ሲተረጎም የሚቃወመው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ክርክሩ ግን አብሮ ይጠፋል።

አመጣጥ

ፓይፐር በ1968 በካሊፎርኒያ የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1941 በኦክስፎርድ ያቀረበውን አንድ ስብከት ማንበቡ አስተሳሰቡን እንደለወጠው ይናገራል። የሉዊስ ነጥብ የሰው ችግር ምኞቱ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው፣ ታላቅ ደስታ ቀርቦለት በትንሹ ይረካል የሚል ነበር። ከዚያ በፊት በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ሰው ሁሉ፣ ራሱን የሚያጠፋው እንኳ ሳይቀር፣ የሚፈልገው ደስታን ነው ብሎ ጽፎ ነበር።

ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው ግን የኒው ኢንግላንዱ ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ (1703–1758) ነው። ኤድዋርድስ በ1734 በታተመ ስብከቱ ማር ጣፋጭ መሆኑን በወሬ ማወቅና ማርን መቅመስ የተለያዩ እንደሆኑ አስተማረ፤ እግዚአብሔርን ማወቅም እንዲሁ ነው። በ1746 ደግሞ በዘመኑ በተነሣው መነቃቃት የታየውን እንባና ጩኸት እየመረመረ እውነተኛውን የልብ ስሜት ከሐሰተኛው ለመለየት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ መረሳት የለበትም፤ የአስተምህሮው ምንጭ የሆነው ሰው ስሜትን በጭፍን የሚያምን አልነበረም።

ዋናው ሐሳብ

በ1647 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም በመጀመሪያው ጥያቄ ሰው የተፈጠረበትን ዓላማ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ እግዚአብሔርን ማክበርንና ለዘላለም በእርሱ መደሰትን። ፓይፐር የሁለቱን ማያያዣ ይቀይራል፦ ማክበርና መደሰት ሳይሆን በመደሰት ማክበር። በአማርኛ ለውጡ «ና»ን አንሥቶ «በ»ን መጨመር ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን በእጅጉ ይለወጣል። ደስታው ከአምልኮ በኋላ የሚሰጥ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ አምልኮው ራሱ ይሆናል።

ለዚህ የሚጠቀሱ ጥቅሶች ብዙ ናቸው። መዝሙር 37፥4 (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 36፥4) በጌታ ደስ መሰኘትን ያዝዛል። ፊልጵስዩስ 4፥4ም ትእዛዝ ነው። በኤርምያስ 2፥13 የሕዝቡ በደል የሕያው ውኃ ምንጭን ትተው ውኃ የማይዝ ጉድጓድ መቆፈራቸው ነው፤ ስለዚህ በፓይፐር አነጋገር ኃጢአት ደስታን መፈለግ ሳይሆን በማይገኝበት ቦታ መፈለግ ነው።

ግዴታና ደስታ

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የአንድ ድርጊት ግብረ ገባዊ ዋጋ ከግዴታ መፈጸሙ ላይ እንጂ ከዝንባሌ የሚመጣ አለመሆኑን አስተማረ። ብዙ አማኝም፣ ካንትን ሳያነብ፣ ከመልካም ሥራ ደስ ከተሰኘሁ ዋጋዬን ወሰድሁ ብሎ ይሰጋል።

ፓይፐር ይህን ይቃወማል። ለምሳሌ በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው «ለምን መጣህ?» ሲባል «ግዴታ ሆኖብኝ» ቢል የተኛው ሰው አይከብርም፤ «ስላላየሁህ ናፍቀኸኝ» ቢል ግን ይከብራል፣ ናፍቆቱ የጠያቂው የራሱ ፍላጎት ቢሆንም። ለባልንጀራ የሚደረገውም ፍቅር በዚሁ መንገድ ይገለጻል፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 የመቄዶንያ አማኞች በድህነታቸው መካከል ለሌሎች የሰጡት ደስታቸው ስለ ተረፈ ነው። በዕብራውያን 10፥34 የተጠቀሱትም ንብረታቸው ሲዘረፍ በደስታ የተቀበሉት የሚበልጥ ሀብት እንዳላቸው ስላወቁ ነው። አስተምህሮው ምቾትን ከሚሰብከው «የብልጽግና ወንጌል» የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ፓይፐርም ያንን ትምህርት በግልጽ ይነቅፋል። በ1997 ስለ ጾም በጻፈው መጽሐፍም ረሀብን እግዚአብሔርን ለመናፈቅ መግለጫ አድርጎ አቅርቧል።

ትችት

ከስያሜው ሌላ፣ አስተምህሮው ታዛዥነትን፣ ፍርሃትንና ሐዘንን በአንድ ስሜት ሥር ይጠቀልላል የሚል ትችት ይቀርብበታል። ሌላው ወቀሳ አማኝ እግዚአብሔርን ትቶ የራሱን ደስታ መለካት ይጀምራል የሚለው ነው።

ከባዱ ጥያቄ ግን የሚነሣው ደስታ ከማይሰማው ሰው ነው። መደሰት ትእዛዝ ከሆነ፣ በድብርት የተያዘ አማኝ በሕመሙ ላይ የበደለኛነት ስሜት ይጨመርበታል። ፓይፐር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል፤ በዋናው መጽሐፉም ስለ አምልኮ ሲጽፍ ሦስት ደረጃዎችን ይለያል። አንደኛው ልብ በደስታ የሞላበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ደስታው ርቆ ናፍቆቱ ብቻ የቀረበት ነው። በሦስተኛው ናፍቆቱም ደርቆ፣ ለመናፈቅ አለመቻል የሚያስከትለው ሐዘን ብቻ ይቀራል። ይህም ሐዘን፣ የጠፋውን ዋጋ ስለሚያውቅ፣ እግዚአብሔርን እንደሚያከብር አምልኮ ይቆጠራል ይላል።