ኩላሊት ወለድ ማሳከክ

ሸዋ ሮቢት ላይ «ዩሪያ» ቢሉ ገበሬው የሚያስበው ማዳበሪያውን ነው፤ በኩንታል የሚገዛውን፣ በወቅቱ ካልደረሰ ቀበሌውን የሚያጨናንቀውን ነጭ ፍሬ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ባለሙያ ደግሞ ይህንኑ ስም በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። የተሳሳተ የለም፤ በኬሚስትሪ ሁለቱ አንድ ናቸው። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም በሽንት መውጣት የነበረበት ዩሪያ፣ ከሌሎች ብዙ ቆሻሻዎች ጋር፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የዛሬው ቃላችን ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፦ «ዩሬሚክ ፕሩራይተስ»። የመጀመሪያው ክፍል የዩሪያን በደም መብዛት ሲያመለክት፣ ሁለተኛው በላቲን ማሳከክ ማለት ነው። መጨረሻው ስለሚመሳሰል ብቻ እንደ «አርትራይተስ» የብግነት ስም የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም።

ቃሉ የሚያመለክተው ኩላሊታቸው በደከመ፣ በተለይም ለረጅም ጊዜ የኩላሊት እጥበት በሚያደርጉ ሰዎች ላይ የሚታየውን፣ ሌላ የቆዳ በሽታ ሳይኖር ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቅ ማሳከክ ነው። በአማርኛ «ኩላሊት ወለድ ማሳከክ» ብንለው ይሻላል እላለሁ። «ውሃ ወለድ በሽታ» የሚለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት አስለምደውታልና ጆሮ አይጎረብጠውም። ዩሪያን ከስሙ ያወጣሁት ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። የዩሪያቸው መጠን ከፍ ያለ ሆኖ ምንም የማያሳክካቸው፣ ዝቅ ያለ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ የሚያኩ ታማሚዎች አሉ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም ዛሬ የሚመርጡት «ከቆየ የኩላሊት ሕመም ጋር የተያያዘ ማሳከክ» የሚለውን ነው፤ ልክ ነው፣ ግን ለአፍ ይረዝማል።

አንድ ሊወገድ የሚገባው ትርጉም አለ፦ «እከክ»። በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬና ካራቆሬ፣ እከክ ማለት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ቆዳ ሥር በሚሰረስር ነፍሳት የሚመጣ በሽታ ነው። ከ2007/08 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ስለነበር ሰው ስሙን በሚገባ ያውቀዋል። የኩላሊት ታማሚ «እከክ ያዘው» ከተባለ መኝታው ይለያል፣ ልብሱ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ይርቃል። ከዚያም የእከክ መድኃኒት፣ ቢቢኤል የሚባለው ፈሳሽ ወይም የሰልፈር ቅባት፣ ደጋግሞ ይቀባል። እነዚህ ቆዳን ያደርቃሉ፣ ያቃጥላሉ፤ ቀድሞውንም በድርቀት ለተሰነጣጠቀ ቆዳ ደግሞ ችግር ላይ ችግር ናቸው።

ሁለቱን መለየት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። እከክ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይበረታል፤ ጥቃቅን ሽፍታ ያወጣል፤ አብረው የሚተኙትንም ያሳክካል። ኩላሊት ወለዱ ግን መጀመሪያ ላይ ምንም ሽፍታ የለውም። ጀርባን፣ ክንድን፣ እግርን፣ አንዳንዴም ራስ ቅልን፣ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል፤ ሌሊት ይብሳል፤ ከቤተሰቡ የሚያሳክከው ታማሚው ብቻ ነው። ቆዳው ላይ የሚታየው ሁሉ ጥፍር የሠራው ነው፦ የጭረት መስመር፣ ቅርፊት፣ የጠቆረ ጠባሳ፣ ብዙ ከመታከክ የጠነከረ እብጠት። ሸሚዙን አስወልቆ ጀርባውን የሚያይ ሐኪም አንዳንዴ ደስ የሚል ምልክት ያገኛል (ደስ የሚለው ለሐኪሙ ነው)። ጀርባው ዙሪያውን በጭረት ጠቁሮ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ብቻ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ንጹሕ ቆዳ ይቀራል። በሽታው ከቆዳው ቢሆን ኖሮ ያንን ቦታ አይተወውም ነበር። በእርግጥ በማበጠሪያ ወይም በእንጨት የሚያክ ሰው ይህን ምልክት ያጠፋዋል።

ለምን ያሳክካል? አንድ ምክንያት አልተገኘለትም። ግልጹ የቆዳ መድረቅ ነው፤ በእጥበት ላይ ባለ ሰው የላብና የቅባት ዕጢዎች ስለሚኮማተሩ ቆዳው እርጥበት መያዝ ያቅተዋል። ሁለተኛው ፎስፌት ነው። ይህ ማዕድን አብዛኛው የሚገኘው ከደም ውጭ፣ በአጥንትና በሕዋሳት ውስጥ በመሆኑ በ4 ሰዓት እጥበት ተጠርጎ አይወጣም፤ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮም በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚህ ሌላ በመላ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ዝቅተኛ ብግነት አለ። ይበልጥ የሚገርመው ግን ነርቭ ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች የሚያርፉባቸው ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ፤ አንዱ ማሳከክን ያነሳሳል፣ ሌላው ያበርዳል። በኩላሊት ሕመም ሚዛኑ ወደሚያነሳሳው እንደሚያጋድል ይታሰባል። የተለመደው የአለርጂ ክኒን እዚህ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው፤ እንቅልፍ ቢያመጣም ማሳከኩን እምብዛም አይነካውም።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ4 ሰዓት ያህል እንዲደረግ ይመከራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ግን በገንዘብ እጦት 2 ጊዜ ብቻ ያደርጋሉ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለዘውዲቱ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ወይም ለጳውሎስ ሆስፒታል ወረፋ የሚጠብቅ የይፋት ሰው ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል፣ ወይ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል። አንድ እጥበት ባለፈው ቁጥር ቆሻሻው ይቆያል፣ ማሳከኩም ይብሳል። አየሩም አያግዝም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። ታች ሙቀቱ ማሳከኩን ይቀሰቅሳል፣ ላይ ደረቁ ብርድ ቆዳውን ይሰነጥቃል።

ሙቀቱ በሌላም በኩል ያጠቃል፦ በጥም። ፈሳሽ የተመጠነለት ሰው ከሮቢት ፀሐይ ሲገባ ቀዝቃዛ ኮላ ያምረዋል። ጥቁሩ ኮላ ውስጥ በሚጨመረው ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ፎስፌት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይገባል፤ በባቄላና በሽንብራ ውስጥ ካለው ፎስፌት የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። በምግብ ጊዜ እንዲወሰድ የታዘዘ ፎስፌት የሚይዝ ክኒን ካለ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጥ። ባዶ ሆድ ላይ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ከንቱ ነው።

ሕክምናው ከርካሹ ይጀምራል። ለብ ባለ ውሃ አጠር ያለ ገላ መታጠብ፣ የልብስ ሳሙና መተው፣ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ያለው ቅባት መቀባት፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ የጥጥ ልብስ መልበስ። ይህን በየቀኑ ለሳምንታት ሳይሞክሩ ወደ ክኒን መሮጥ አይገባም። ለእጥበት ተብሎ የተገጣጠመ የደም ሥር (ፊስቱላ) ያለበትን ክንድ ማከክ ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ በዚያ በኩል የገባ ጀርም መንገዱ በቀጥታ ወደ ደም ነው። ካልበረደ ሐኪሙ ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ለእጥበት ታማሚ የሚሰጠው በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ከእጥበት በኋላ ነው። ጎረቤት ለወገብ ሕመም የሚውጠውን ያህል መውሰድ ማዞር፣ መፍዘዝና መውደቅ ያስከትላል። ለዚሁ ማሳከክ ተብሎ የተሠራው ዲፈሊኬፋሊን እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ በእጥበቱ ማብቂያ በመርፌ ይሰጣል፣ የሚሠራውም ማሳከክን በሚያበርደው ተቀባይ ላይ ነው። በጨረር የሚደረግ የቆዳ ሕክምናም አለ። ንቅለ ተከላ ከተሳካ ማሳከኩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን አገልግሎት በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሯል።

የቆዳው ነገር በማሳከክ ብቻ አያበቃም። መልክ ይጠቁራል፤ ጥፍር ግማሹ ነጭ ግማሹ ቡናማ ይሆናል። እነዚህ አይጎዱም። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ የሚገዛው የማቅያ ክሬም ግን ሜርኩሪ ካለበት የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። በሆድ ወይም በጭን ላይ የሚወጣ፣ እጅግ የሚያም፣ የሚጠቁር ቁስል ግን የደም ሥሮች መደፈን ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሐኪም ይየው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በ12 አገሮች ከ18,000 በላይ የእጥበት ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት 42 በመቶዎቹ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ማሳከክ እንዳለባቸው አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ያጡ ነበር፤ የመሞት ዕድላቸውም በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ 69 በመቶ የሚሆኑት የእጥበት ማዕከላት የሕክምና ኃላፊዎች የችግሩን ስፋት አሳንሰው እንደሚገምቱ አረጋገጠ። ታማሚው «ሞት ሲያስፈራኝ ስለ ማሳከክ ላውራ?» ብሎ ዝም ይላል፤ ሐኪሙም ስላልሰማ የለም ይላል።

ስለዚህ እጥበት ላይ ያሉ ከሆነ ነርሷ እስክትጠይቅዎ አይጠብቁ። ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሚያሳክክዎ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚያነቃዎ ይንገሯትና ካርድዎ ላይ ታስፍርልዎ። የፎስፌት ውጤትዎንም ይጠይቁ።