ከጋፋት መድፍ እስከ ሸክላ መርፌ

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ፣ በአቅራቢያዋ ባለችው ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ መታወሱ አይቀርም። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ ብረት በሰው ጉልበት እየተጎተተ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ደረሰ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን በሸክላ ላይ በሁለት ግራም ያህል ጫና የሚያርፍ መርፌ ነው። መድፉ ምሽግ ለማፍረስ ታስቦ ነበር፤ መርፌው ድምፅን ለማሰማት ተሠርቶ፣ ካልታወቀበት ያንኑ ድምፅ ያፈርሳል።

ድምፅ ጠፊ መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዐፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ የላኩት መልእክት ከተደመጠ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በምላሹ የተናገሩት ግን ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይሰማል።

የጥንቱ ግራሞፎን የብረት መርፌ ከመቶ ግራም በላይ ይጫን ስለነበር በየገጹ መለወጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀጭን ቦይ ያለው ሸክላ ሲወጣ ጫናው ወደ ጥቂት ግራም ወረደ። ከ1958 ወዲህ በተስፋፋው ስቴሪዮ ደግሞ የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለየብቻ ያዙ።

ይህን መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ኦርኬስትራ ነው። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር፣ ቦዩ ከመርፌው ሥር በዳር በኩል በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያልፍ ወደ መሀል ሲቀርብ ግን 21 ያህል ብቻ ያልፋል። የሲምፎኒው ታላቅ ማሳረጊያ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚሁ በጠበበው ስፍራ ነው። ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ረቂቁን ሞገድ ስለሚስተው ቫዮሊኑና ነሐሱ ይደባለቃሉ፤ ጫፉ ሞላላ የሆነው ግን ይከተለዋል። ስለዚህ ካርትሪጅ የሚመርጥ ሰው ከዋጋው በፊት የመርፌውን ጫፍ ቅርጽ፣ ቀጥሎም የክንዱን ሚዛን ይመልከት። ጫና ባነሰ ቁጥር ሸክላው ይድናል ማለትም ስሕተት ነው፤ ከልኩ በታች የቀለለ መርፌ እየዘለለ ግድግዳውን ይቦረቡራል።

በጋይንቷ ቤተልሔም ድጓ የተማረ ሰው የአንዲት ምልክት መሳት ዜማውን እንደሚያዛባ ያውቃል። የደጋው ባለዋሽንት እረኛም በአሸናፊ ከበደ ድርሰት ወደ ኦርኬስትራ ገብቷል። እንግዲህ ሸክላ ያለው መምህርም ሆነ የባህል ማእከል አዲስ ሸክላ ከመግዛቱ በፊት መርፌውን ይመርምር። በተበላ መርፌ የተደመጠ ሸክላ በተደመጠ ቁጥር ይፋቃል፤ የተፋቀውንም የሚመልስ ጥበብ የለም።