ዜና ጋኒባል ዘመስኮብ

ንጉሥ ነግሦ፣ ጦር ዘምቶ፣ አገር ቀንቶ የሚጻፍ ዜና ብዙ ነው። እኛ ግን የአንድ ቤት ስም ከማን እንደ ጀመረ፣ በየትኛው ምድር እንደ ተዘራና የት የት እንደ ቀረ እንጽፋለን። ስሙ ጋኒባል ነው፤ አገሩም አባቶቻችን መስኮብ ሲሉት የኖሩት የሩሲያ ምድር ነው። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንቆጥራለን። የጎንደርንም ነገሥታት በየመካከሉ እናነሣለን፤ አንባቢ ዘመኑን በሚያውቀው እንዲለካው።

በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት፣ በ1696 ገደማ፣ ላጎን በምትባል የአፍሪካ ከተማ አንድ ሕፃን ተወለደ። ነፍስ ካወቀ በኋላ ገና ልጅ ሳለ ተወሰደና በቱርክ ሱልጣን ከተማ በቁስጥንጥንያ ተገኘ። ስለ አወሳሰዱ የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ጸሐፊውም የገዛ አማቹ ነው። እርሱ እንደሚለው ልጁ የአንድ ባላባት ልጅ ነበረ፤ ከሌሎች የመኳንንት ልጆች ጋር በመያዣነት ተሰጠ። መርከቡ ሲነሣ ላጋን የተባለች እህቱ ወንድሜን አልለቅም ብላ እየዋኘች ተከተለችው፤ ኋላም ሰጠመች። ይህ ሽማግሌው በእርጅናው ለቤተ ሰቡ ያወራው ሳይሆን አይቀርም።

በዚያን ጊዜ በቁስጥንጥንያ የመስኮብ አምባሳደር ፒዮትር ቶልስቶይ ነበሩ። ሳቫ ራጉዚንስኪ የሚባል ነጋዴም ከእርሳቸው ጋር ተመካክሮ ልጁን በ1704 ወደ ሞስኮ አስገባው፤ ንጉሡ ታላቁ ጴጥሮስም ተቀበሉት። በማግሥቱ ዓመት በ1705 በቪልና ከተማ በቅድስት ፓራስኬቫ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣ፤ ክርስትና ያነሡትም ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። የክርስትና ስሙ ጴጥሮስ ተባለ። ልጁ ግን ኢብራሂም የሚለውን የቀድሞ ስሙን አልተው ቢል አብራም እያሉ ጠሩት። በመስኮብ ልማድ ሰው ከስሙ ቀጥሎ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አብራምም የወለደው አባት በዚያ አገር ስላልታወቀ በክርስትና አባቱ በንጉሡ ተጠርቶ አብራም ፔትሮቭ፣ ቆይቶም አብራም ፔትሮቪች ሆነ። በእኛ ዘንድ የክርስትና አባት ይመክራል፣ ይገሥጻል እንጂ ስም አያወርስም። የቤት ስም ግን ገና አልነበረውም። የቤተ መንግሥቱ መዝገብ አንዳንድ ጊዜ «አብራም አራፕ» ይለዋል፤ ጥቁሩ አብራም ማለት ነው።

ልጁም በንጉሡ እግር ሥር አደገ፤ በዘመቻም በሰፈርም ተከተላቸው። በ1717 ንጉሡ ወደ ፓሪስ በሄዱ ጊዜ ለትምህርት እዚያው ተዉት። በላ ፌር በመድፈኞች ትምህርት ቤት የምሽግ ሥራ ተማረ፤ ከፈረንሳይ ሠራዊት ጋርም በስፔን ላይ ዘምቶ ራሱን ቆሰለ። በ1723 ሲመለስ ወደ አራት መቶ የሚደርስ መጽሐፍ ይዞ ገባ። ገንዘብ እንዳጣ ከፓሪስ ሲጽፍ የኖረ ሰው መጽሐፍ ግን አላጣም።

በ1725፣ በጎንደር አፄ በካፋ በነገሡበት ዘመን፣ ታላቁ ጴጥሮስ ሞቱ። አብራምም ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ የጻፈውን መጽሐፍ ለንግሥት ካትሪን አበረከተ፤ ለወጣቱ ልዑልም ሒሳብ አስተማረ። ነገር ግን አገሩን በእጁ የያዘው ሜንሺኮቭ ስላልወደደው በ1727 ምሽግ ሥራ ብሎ ወደ ሳይቤሪያ፣ በቻይና ወሰን ወዳለችው ወደ ሴሌንጊንስክ ሰደደው። ሥራው ሥራ ነበረ፤ መንገዱ ግን ግዞት ነው። እስከ 1730 አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ፣ በ1730ዎቹ ዓመታት፣ በወረቀቱ ላይ አዲስ ስም ይታይ ጀመር፤ ጋኒባል የሚል። በአልፕስ ተራራ ላይ ዝሆን እየነዳ ሮማን ያስጨነቀው የካርቴጅ የጦር አለቃ ሃኒባል ነው፤ መስኮቦች ሃ የሚለውን ድምፅ በጋ ስለሚተኩ ጋኒባል ሆነ። ስሙን ማንም አላወረሰውም፤ ራሱ መርጦ ያዘው። የጦር ትምህርት በፈረንሳይ የተማረ ሰው ሃኒባልን ሳያውቅ አይቀርም፤ ከአፍሪካ ወጥቶ አውሮፓን ያስፈራ ሰው ስም መምረጡም ትዕቢት ነበረበት፤ ትዕቢቱ ግን ለሠራው ሰው የተገባ ነው እላለሁ። እንግዲህ ዛሬ ጋኒባል የሚባለው የሩሲያ ቤት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ አንድ ሰው ነው፤ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ስለ ትዳሩ በአጭሩ እንናገራለን። በ1731 የአንድ ግሪካዊ የመርከብ አለቃ ልጅ የነበረችውን ኤቭዶኪያን ያለ ፈቃዷ አገባት፤ ጋብቻውም ክፉ ሆነ፤ በክስና በእስር ብዙ ዓመት ፈጀ። ያ ክስ ሳያልቅ በ1736 በሬቫል ከተማ፣ ዛሬ ታሊን በምትባለው፣ ክርስቲና የምትባል ሌላ ሴት አገባ፤ ፍቺው የተፈረደው በ1753 ነው። በዚህ የተነሣ ሰውየውን ሊያመሰግን የሚነሣ ጸሐፊ ሁሉ በዚህ ቦታ ብዕሩን ያፈጥናል። ስሙን የተሸከሙት ልጆች ግን የክርስቲና ልጆች ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ከሬቫል አጠገብ በካርያኩላ ተቀምጦ እርሻ ያርስ ነበር፤ የበኩር ልጁ ኢቫንም በ1735 ተወለደለት።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በነበሩበት ዘመን፣ የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ በመስኮብ ነገሠች። አባቷ ክርስትና ያነሡትን ሰው አልረሳችም፤ በ1742 ሜጀር ጄኔራል አድርጋ የሬቫል ከተማ አዛዥነትን ሰጠችው፤ በፕስኮቭም አውራጃ ሚኻይሎቭስካያ ጉባ የሚባለውን ሰፊ ርስት ከነገበሬው ሰጠችው። በእኛ አነጋገር ጉልት ነው፤ በዚያ አገር ግን ገበሬው ከመሬቱ ጋር ይሸጥ ይለወጥ ነበር። በልጅነቱ ያለ ፈቃዱ የተወሰደው ሰው የሰው ጌታ ሆነ።

በዚያው ዓመት የመኳንንት ማዕረግና የቤት ማኅተም እንዲሰጠው ለንግሥቲቱ ማመልከቻ ጻፈ። በዚህም ጽሑፍ አፍሪካዊ መሆኑን፣ ከዚያ አገር መኳንንት ወገን መሆኑን፣ በላጎን ከተማ በአባቱ ግዛት መወለዱን፣ አባቱም ከላጎን ሌላ ሁለት ከተሞች ይገዛ እንደ ነበረ ነገራት። የአባቱን ስም ግን አልጻፈም። ለመኳንንት ማዕረግ የሚያመለክት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፈው አባቱን ነው፤ በእኛ አገርማ የእገሌ ልጅ እገሌ ሳይባል ርስት የሚጠየቅበት ችሎት አልነበረም። የከተማውን ስም ይዞ የአባቱን ስም ያልጻፈው ስለ ምን ነው? ረስቶት ነውን? ወይስ ለመስኮብ ጆሮ የማይረባ መስሎት? እኔ ወደ ፊተኛው አደላለሁ፤ ልጅ አባቱን አባቴ ይላል እንጂ በስሙ አይጠራውምና። በማኅተሙ ላይ ዝሆን አስቀረጸ፤ አምስት የላቲን ፊደላትም ጨመረበት፤ የፊደሎቹ ትርጉም እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል።

በሬቫል አዛዥ ሳለ ካደረገው አንዱን እንጨምር። በ1743 ራጎላ ከሚባለው ርስቱ ከፍሎ ለአንድ ጀርመናዊ አከራየ፤ በውሉም ገበሬዎቹ እንዳይገረፉ፣ ከተወሰነውም በላይ እንዳይሠሩ አስጻፈ። ተከራዩ ውሉን ሲያፈርስ አብራም ውሉን ሻረበት፤ ጀርመናዊውም ከሰሰው። የዚያ አገር ባላባት ስለ ገበሬ ጀርባ በውል ሲጽፍ እምብዛም አይሰማም ነበር።

አብራም ከማዕረግ ወደ ማዕረግ እየወጣ በ1759 ሙሉ ጄኔራል ሆነ፤ በጎንደር አፄ ኢዮአስ የነገሡበት ዘመን ነው። በዚያው ዓመት ከፒተርስበርግ በስተደቡብ ያለችውን ሱይዳን ከነመንደሮቿ ገዛ። በ1762 ከሥራ ተሰናብቶ በሱይዳ ተቀመጠ፤ በዚያም ድንች በመስኮብ ገና ብርቅ ሳለ ያስተክል እንደ ነበረ ይነገራል። በ1781 በዚያው ሞቶ ተቀበረ፤ ክርስቲናም በዚያው ዓመት ሞተች። በዚያን ጊዜ በጎንደር የነበሩት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ከአድያም ሰገድ ጀምሮ ስንት ንጉሥ እንዳለፈ አንባቢ ይቍጠር።

ከሞተም በኋላ ልጆቹ ርስቱን ተካፈሉ፤ የስሙም ካርታ በዚህ ተሳለ። ሱይዳ ለኢቫን፣ ፔትሮቭስኮዬ ለፒዮትር፣ ሚኻይሎቭስኮዬ ለኦሲፕ፣ ቮስክሬሴንስኮዬ ለኢሳቅ ደረሰ። የኋለኞቹ ሦስቱ በፕስኮቭ ምድር ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንድ ቤት ሰዎች በፈረስ ይጠያየቁ ነበር። እንግዲህ ጋኒባል የሚለው ስም በዓለም የተገኘው በጥቂት ቦታ ነው፤ በሬቫልና በአካባቢዋ፣ በፒተርስበርግና በሱይዳ፣ በፕስኮቭ። ርስት ባለበት ነው ስሙ የበቀለው።

ከዚህ ወጥቶ የሄደው በዘመቻ ወይም በግዞት ነው። ኢቫን የመርከብ መድፈኛ አለቃ ነበረ፤ በ1770 በናቫሪን የቱርክን ምሽግ ሰብሮ ያዘ፤ በጻርስኮዬ ሴሎ ስሙ በዓምድ ላይ ተቀርጿል። አባቱ በልጅነቱ ተይዞ የኖረባትን የሱልጣን አገር ልጁ በመድፍ መታት። በ1778ም በጥቁር ባሕር አጠገብ የኸርሶንን ከተማ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከተማውንም መሠረተ፤ ይሁን እንጂ ስሙን የሚወርስ ልጅ አልተወም። ኢሳቅ አሥራ አምስት ልጅ ወልዶ በዕዳ ተጨነቀ። ከልጆቹ አንዱ ፓቬል በ1825 ስለ ተነሡት ዓመፀኞች መልካም ነገር ተናግሯል ተብሎ ተጋዘ፤ ወደ ነጭ ባሕር ወደ ሶሎቬትስኪ ገዳምም ተሰደደ፤ የጋኒባል ስም ወደ ሰሜን ከዚያ አልፎ አልሄደም። ርስቶቹም ተራ በተራ ወጡ፤ ሱይዳ ከኢቫን ሞት በኋላ፣ ፔትሮቭስኮዬ የፒዮትር ልጅ ቬኒያሚን በ1839 ሲሞት። ዛሬ በፔትሮቭስኮዬና በሱይዳ ያሉት ቤቶች ቤተ መዘክር ናቸው።

ሚኻይሎቭስኮዬ ግን በሴት በኩል አለፈ። ኦሲፕ ሚስቱን ትቶ በሕይወቷ ሳለች ሌላ አገባ፤ አጎቷ ኢቫን የታቀፋት ልጁ ናዴዥዳ በ1796 በሱይዳ ሰርጌይ ፑሽኪንን አገባች። በ1799፣ በእኛ አገር መሳፍንት ነገሥታቱን በሚሾሙና በሚሽሩበት ዘመን፣ አሌክሳንደር ፑሽኪን ተወለደ። ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭናም አብራም ሱይዳን ሲገዛ ከመሬቱ ጋር የተገዛች የገበሬ ልጅ ነበረች።

ባለቅኔው ስሙን አልወረሰም፤ ስሙን ፈልጎ ግን ሄደ። በ1817 በፔትሮቭስኮዬ ሽማግሌውን ፒዮትር ጋኒባልን ጠየቀ፤ ሽማግሌውም አረቄ አስቀድቶ ለራሱ ጠጣ፣ ለወጣቱም አስቀዳለት፤ ፑሽኪን ፊቱን ሳያጨማድድ ቢጨልጠው ሽማግሌው ደስ አለው። በኋላም ፑሽኪን በግዞት ወደ ሚኻይሎቭስኮዬ በመጣ ጊዜ የአብራም አማች በጀርመንኛ የጻፈውን ታሪክ ከሽማግሌው አገኘ። በ1830 ቡልጋሪን የሚባል ጋዜጠኛ የአንድ ባለቅኔ ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ ሩም ለመርከበኛ የተሸጠ ነው ብሎ ሲያላግጥ፣ ፑሽኪን ስለ ትውልዱ በጻፈው ግጥም መለሰለት፤ የተገዛው ሰው የንጉሥ ወዳጅ እንጂ ባሪያ አልነበረም አለው።

ደሙ ከስሙ ይልቅ ሩቅ ሄዷል። የፑሽኪን ልጅ ናታሊያ ከናሳው መስፍን ጋር ተጋብታ ዘሯ ወደ እንግሊዝ መኳንንት ገባ፤ ከእነርሱ ግን አንድም ጋኒባል የሚባል የለም። የቤት ስም በሴት በኩል አይተላለፍም፤ ይህ በመስኮብም በእኛም ያው ነው።

ዳግመኛም ስለ ላጎን እንናገራለን። የአብራም አማች የሐበሻ ተወላጅ ብሎ ጽፎት ነበርና ፑሽኪንም ይህን ተከተለ። በ1899፣ ባለቅኔው በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ ሊቅ ላጎንን በሐማሴን ሎጎ ነው አለ፤ ምጽዋ በቱርክ እጅ ነበረችና የባሕሩ ነገር ተስማማለት። በ1996 ግን የቤኒኑ ተወላጅ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችውን ሎጎን ቢርኒን አመለከተ፤ የኮቶኮ ሕዝብ ሱልጣን ከተማ ናት፣ ስሟም ከማመልከቻው ጋር ይገጥማል። እኔም ሚዛኑ ወደ እርሱ ሲያጋድል አያለሁ፤ የሐማሴን ክርስቲያን ልጅ ቢሆን ኖሮ ኢብራሂም ተብሎ ሄዶ በቪልና ዳግመኛ መጠመቁን ማን ያስረዳኛል? ሆኖም በአዲስ አበባ ፑሽኪን አደባባይ አለ፣ በአስመራም ሐውልቱ ቆሟል፤ የሁለቱም አገር ሰው ቅድመ አያቱን የእኔ ነው ይላል። የቤቱ ስም ራሱ ለዚህ ሙግት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሃኒባል የካርቴጅ ሰው ነው፣ አብራም ግን ካርቴጅን በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቃት።