ለገንዘብ ድጋፍ የሚቀርብ ፕሮፖዛል ገላጭ ክፍል አዘገጃጀት፡ ለሀገር በቀል ድርጅቶችና ለአካባቢ ማኅበራት የቀረበ መረጃ

ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችና ማኅበራት ከለጋሾች የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቁ በቅድሚያ የሚጠየቁት በጽሑፍ የተዘጋጀ ፕሮፖዛል ነው። ፕሮፖዛል በአብዛኛው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የበጀት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ችግሩን፣ መፍትሔውንና የሚጠበቀውን ውጤት የሚያስረዳው ገላጭ ክፍል ነው። ይህ መረጃ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን እንደ አዘና ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚንቀሳቀሱ ማኅበራት የአካባቢያቸውን ችግር ከማንም በላይ ያውቁታል። ሰነዱን የሚመዝነው ገምጋሚ ግን አዘናን አይቷት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚያውቀው ነው ተብሎ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ለገምጋሚው እንደሌለ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት እውነተኛ ችግርና ተገቢ መፍትሔ ይዘው የቀረቡ ማኅበራት ድጋፉን ሊያጡ ይችላሉ። አሳማኝ ፕሮፖዛል የልመና ደብዳቤ አይደለም፤ ችግሩ፣ ዓላማው፣ ተግባሩ፣ በጀቱና ውጤቱ እርስ በርሳቸው የሚናበቡበት የሥራ ሰነድ ነው።

ከመጻፍ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው ጉዳዮች

ሕጋዊ ሰውነት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚንቀሳቀሱ ሀገር በቀል ድርጅቶች እንዲሁም በውጭ ድርጅቶች ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ መሠረት ነው። ቀደም ሲል በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ነክ ሥራዎች ላይ የሚሰማሩ ድርጅቶች ከውጭ ምንጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። አዲሱ አዋጅ ይህንን ገደብ በማንሳት ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ፈቅዷል።

የጥሪው ይዘት። የለጋሹ ጥሪ የሚሸፍነው የሥራ ዘርፍና አካባቢ፣ የገንዘቡ ጣሪያ፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜ፣ የማቅረቢያው ቋንቋና የመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ከጥሪው ዓላማ ጋር የማይገናኝ ፕሮፖዛል ምንም ያህል ቢያምር ተቀባይነት አያገኝም።

የኅብረተሰቡ ተሳትፎ። ችግሩ መለየት ያለበት ከተጠቃሚዎች ጋር በሚደረግ ውይይት ነው። ውይይቱ በአዊኛ ወይም በአማርኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተካሂዶ ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይገባል። ሰነዱ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ከሆነ አስቀድሞ በአማርኛ ጽፎ ከአባላት ጋር መስማማትና ቀጥሎ መተርጎም የሐሳብ መዛባትን ያስቀራል።

1. የችግር ትንተና

በዚህ ክፍል ችግሩ የማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነና ይህ እንዴት እንደታወቀ ይገለጻል። ለማሳያ ያህል በአዘና ዙሪያ የንጹሕ መጠጥ ውኃ ለማቅረብ ያቀደ አንድ ማኅበር እንውሰድ። ማኅበሩም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የማኅበሩ ቁጥሮች ለትምህርት ሲባል የታሰቡ ናቸው።

*ደካማ አቀራረብ፦* «በአካባቢያችን ከፍተኛ የውኃ ችግር በመኖሩ ኅብረተሰቡ እጅግ እየተሠቃየ ስለሚገኝ አስቸኳይ ድጋፍ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

*የተሻለ አቀራረብ፦* «በ2 ጎጦች የሚኖሩ 210 ቤተሰቦች (1,050 ሰዎች) ውኃ የሚቀዱት ካልጎለበተ አንድ ምንጭ ነው። ማኅበሩ በሚያዝያ ወር በ60 ቤተሰቦች ላይ ባካሄደው መጠይቅ፣ ወረፋን ጨምሮ ደርሶ መልሱ በአማካይ 70 ደቂቃ እንደሚወስድና በ52 ቤተሰቦች ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች እንደሆኑ አረጋግጧል። ምንጩ አጥር ስለሌለው ከብቶችም ከዚያው ይጠጣሉ።»

ሁለተኛው አቀራረብ የሚያሳምነው ስሜት ስለጨመረ አይደለም፤ ገምጋሚው ሊያጣራው የሚችል መረጃ በመያዙ ነው። መረጃው ከታወቀ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው የውኃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚጠቀሙበት መሠረታዊ አገልግሎት መለኪያም ወረፋን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይጠይቃል።

በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ የአንድን ቀበሌ የዛሬ ሕዝብ ብዛት በቆጠራው አኃዝ ብቻ ማስረዳት አይበቃም። የቀበሌው መዝገብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃ እንዲሁም የወረዳው የውኃ፣ የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርቶች የተሻሉ ምንጮች ናቸው። የመረጃው ምንጭና የተሰበሰበበት ወር በሰነዱ ውስጥ ይጠቀሳል።

2. ዓላማና የሚጠበቅ ውጤት

ዓላማ የሚለካና በጊዜ የተገደበ መሆን አለበት። «የኅብረተሰቡን ኑሮ ማሻሻል» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሊለካ አይችልም። «በ12 ወራት ውስጥ ምንጩን በማጎልበትና 4 የቦኖ ውኃዎችን በመገንባት 210 ቤተሰቦች ውኃ ለመቅዳት የሚወስድባቸውን ጊዜ ከ70 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ» የሚለው ግን በፕሮጀክቱ መጨረሻ ሊረጋገጥ ይችላል።

ብዙ አመልካቾች የተሠራውን ሥራ ከመጣው ለውጥ ጋር ያምታታሉ። የቦኖ መገንባት ሥራ ነው፤ ልጃገረዶች በውኃ ምክንያት ከትምህርት ገበታ መቅረታቸው መቀነሱ ግን ለውጥ ነው። ሁለቱም ለየብቻ መጻፍ አለባቸው።

3. ተግባራትና የጊዜ ሰሌዳ

የተመረጠው መፍትሔ ለምን እንደተመረጠ በስሌት ማስረዳት ተገቢ ነው። በማሳያችን የ20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ የሚሞላ ከሆነ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ያፈልቃል። ለ1,050 ሰዎች በቀን 25 ሊትር ሲታሰብ የሚያስፈልገው 26,250 ሊትር ስለሆነ ምንጩ ይበቃል። ልኬቱ ግን የሚታመነው ምንጩ በሚሳሳበት በበጋው መጨረሻ ከተወሰደ ነው። በክረምት የተለካ ምንጭ በሚያዝያ ሊያሳፍር ይችላል።

የጊዜ ሰሌዳው የአካባቢውን የአየር ሁኔታና የእርሻ ሥራ ያገናዘበ ይሁን። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቁፋሮና የድንጋይ ማጓጓዝ ማቀድ፣ በአዝመራ ወቅትም ከአርሶ አደሩ ሰፊ የጉልበት ተሳትፎ መጠበቅ ዕቅዱን ያፋልሳል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር ሲሆን ብዙ የውጭ ለጋሾች ግን የሚጠቀሙት ከጥር ወር በሚጀምረው የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠሮች ይጻፉ።

4. የበጀት ማብራሪያ

በገላጭ ክፍሉ ያልተጠቀሰ ተግባር በበጀት ሠንጠረዡ ላይ ሊታይ አይገባም፤ ገንዘብ ያልተያዘለት ተግባርም በገላጭ ክፍሉ ቃል ሊገባ አይገባም። ገምጋሚዎች ፈጥነው የሚያስተውሉት ክፍተት ይህ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከአጠቃላይ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የባንክ አገልግሎት ክፍያ ከአስተዳደራዊ ወጪዎች መካከል ናቸው። በክልል የተመዘገቡ ማኅበራት የክልላቸውን ድንጋጌ መመልከት ይኖርባቸዋል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ሊለዋወጥ ይችላል። ፕሮፎርማው የተሰበሰበበት ቀንና ስሌቱ የተሠራበት የምንዛሪ ተመን በማብራሪያው ላይ መስፈር አለባቸው።

5. ዘላቂነትና የባለቤትነት ስሜት

«ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ለገምጋሚው ወሳኝ ነው። በዚህ ረገድ የአማራ ክልል የራሱ ተሞክሮ አለው። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1994 በክልሉ በተጀመረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለ አሠራር ተግባራዊ ሆኗል። በዚህ አሠራር የድጋፍ ማመልከቻ የሚያቀርበው በተጠቃሚዎች የተመረጠው የውኃ ኮሚቴ ነበር። ማመልከቻው በወረዳ ደረጃ ተገምግሞ ሲጸድቅ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል ለኮሚቴው ይደርስ ነበር፤ ግዥውንና ግንባታውን የሚመራውም ኮሚቴው ራሱ ነበር። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ኮዋሽ ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በገጠር የሚኖር ኅብረተሰብ አመልካችም አስተዳዳሪም መሆን ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ይህንን አቅም ማሳየት አለበት። ስለዚህ ኅብረተሰቡ በጉልበት፣ በድንጋይና በአሸዋ የሚያደርገው አስተዋጽኦ በብር ተተምኖ ይገለጽ። የጥገና መዋጮው በማን እንደሚሰበሰብና በየትኛው ሒሳብ እንደሚቀመጥም ይጻፍ።

6. ሥጋቶች

የዋጋ ንረት፣ የዝናብ መብዛትና የጸጥታ ችግር ሥራን ሊያስተጓጉሉ ይችላሉ። ሥጋት የለም ብሎ መጻፍ አመኔታን ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሥጋት ቢከሰት ምን እንደሚደረግ በአጭሩ መግለጽ የዝግጁነት ምልክት ነው።

ሊወገዱ የሚገባቸው ስሕተቶች

- ከሌላ ድርጅት ፕሮፖዛል መገልበጥ፤
- የተጠቃሚዎችን ቁጥር ማጋነን፤
- የተጎጂዎችን ስም፣ ፎቶግራፍ ወይም የግል ታሪክ ያለ ፈቃዳቸው መጠቀምና ክብራቸውን በሚነካ መንገድ ማቅረብ፤
- ከማኅበሩ አቅም በላይ ቃል መግባት።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ በአብዛኛው የውሉ አካል ይሆናል። ዛሬ ለማሳመን የተጻፈ ቁጥር ነገ በሪፖርትና በኦዲት የሚጠየቅበት ቁጥር ነው።

ከማስገባት በፊት የሚደረግ ማጣሪያ

1. በችግር ትንተናው ለተነሣው እያንዳንዱ ችግር ዓላማ፣ ለእያንዳንዱ ዓላማም ተግባርና በጀት ተቀምጦለታል?
2. የመረጃዎች ምንጭና ቀን ተጠቅሷል?
3. የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቅርብ ጊዜ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲሁም የሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ተያይዟል?
4. አካባቢውን የማያውቅ ሰው ሰነዱን አንብቦ ችግሩንና መፍትሔውን በራሱ ቃል መልሶ መናገር ችሏል?

ፕሮፖዛሉ ተቀባይነት ካላገኘ የገምጋሚዎችን አስተያየት በጽሑፍ መጠየቅና ሰነዱን አሻሽሎ ለቀጣይ ጥሪ ማቅረብ ይቻላል። ድጋፍ እናስገኛለን በሚል ቅድመ ክፍያ የሚጠይቁ ግለሰቦች ሲያጋጥሙ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የለጋሹን ድርጅት ሕጋዊነትና የጥሪውን እውነተኛነት በቀጥታ ከድርጅቱ ማጣራት ይገባል።