አብሾና ምርቃና፦ የትምህርት መድኃኒት ፍለጋ ታሪክ

አንድ ሰው ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ወንበር ማንሳት ሲጀምር፣ አጠገቡ ያሉት «ተዉት፣ አብሾ አለበት» ይላሉ። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መነሻው መጠጥ ቤት አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆ ነው።

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ በጉና ግርጌ አልፎ ነፋስ መውጫን፣ ከዚያም ጨጨሆን አቋርጦ ወደ ዋድላ ይወጣል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ በኩል ነው። እስቴና ስማዳ ከዚህ መንገድ በስተደቡብ ይዘረጋሉ። የዛሬው የከተማ ሰው ጋይንትንና ስማዳን በአብዛኛው የሚያውቀው በድርቅ ዜና ነው። በቤተ ክህነት ሰው ዘንድ ግን የጋይንት ስም የሚነሳው በሁለት ማስመስከሪያዎች ነው፤ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ እዚያ ደርሶ መመስከርን ይመኛል።

ወደ እንዲህ ያሉ ጉባኤ ቤቶች የሚጓዘው ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ይበላል። ቀለሙ ብዙ ነው፤ ዜማውን ከነምልክቱ መያዝ ዓመታት ይፈጃል። ጓደኛው ሲቀድመው፣ የኔታ ሲቆጡ፣ ያጠናው ሌሊቱን ሲጠፋበት፣ ልጁ አቋራጭ ቢመኝ አይፈረድበትም። አንድ ሽማግሌ ተማሪ ወይም መድኃኒት አዋቂ ደብተራ ጆሮው ላይ ጠጋ ብሎ «አእምሮ የሚከፍት መድኃኒት አለ» የሚለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ወሬ የአንድ አውራጃ ብቻ አይደለም፤ በቤጌምድርም በጎጃምም የአብነት ትምህርት ባለበት ሁሉ ሲነገር ኖሯል። የመድኃኒቱ ስም አብሾ ነው። አብሾ የጠጣ ሰው አልኮል ከቀመሰ ያብዳል የሚለው እምነት ነው ወደ መጠጥ ቤት ወርዶ አባባል የሆነው።

አብሾ የሚዘጋጅበት ተክል አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው፣ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው መርዛማ አረም ነው። ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል፤ የቀመሰውን ያስለፈልፋል። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አፍ ያደርቃሉ፣ ልብ ያስመታሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል ስለሚለያይ አዋቂ ነኝ ባይም ልኩን ሊያውቅ አይችልም፤ ሲበዛ ይገድላል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ስኮፖላሚን በአንጎል ውስጥ ለማስታወስ የሚያገለግለውን አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ሥራውን ያግደዋል። ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታን መድኃኒት ሲፈትሹ፣ በጤነኛ ሰው ላይ ለጊዜው መርሳትን ለማምጣት የሚሰጡት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ያ ምስኪን ተማሪ ላለመርሳት የጠጣው፣ የሚያስረሳውን ኖሯል።

ታዲያ እምነቱ እንዴት ይህን ያህል ቆየ? በሹክሹክታ ስለኖረ ነው። የተሳካለት ተማሪ ምሁርነቱ ለአብሾ ተቆጠረ፤ የታወከው ዛር ያዘው፣ ድግምት ተደረገበት ተባለ። በአደባባይ ያልተነገረ ነገር በአደባባይ አይመረመርም።

ማስፈራራትም ተሞክሯል። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጥብቅ ከልክለው ነበር። የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር በዘመኑ የመጡ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጊዜ ይሰፍሩባት የነበረችው ደብረ ታቦር ለጋይንትና ለእስቴ ጎረቤት ናት፤ አዋጁ ለዚያ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። ሆኖም ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ፣ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ሻጭ ሆነ። ፍርሃቱ ሲነሳ በቦታው የቀረ እውቀት አልነበረም።

የጫትም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የአፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የኢፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ይተርካል፤ ነገሩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1332 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የደጋው ክርስቲያን ከጫት የራቀው ጉዳቱን መርምሮ ሳይሆን «የእኛ አይደለም» ብሎ ነው። አጥሩ ሲፈርስ ልጁ ባዶ እጁን ቀረ። ዛሬ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ «ለጥናት ነው» ብሎ ይቅማል፤ ምርቃናውም የገባው ያስመስለዋል። ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር በእርግጥ ያነቃል። ነገር ግን የተማሩትን የሚያጸናው እንቅልፍ ነው፤ እርሱን ይቀማል። አብሾ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። ከጋይንትና ከስማዳ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርድ ለኖረው ወጣትም፣ ከወላጅ ዓይን ርቆ ደመወዙን በእጁ የያዘበት ቀን ዋናው የፈተና ቀን ነው።

ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ሕግ ሻጩን ይይዛል፤ ልጁን የሚይዘው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ከሎስ አንጀለስ የተነሳ፣ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምርበት ፕሮግራም በብዙ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ ነበር፤ ሲጠና ግን የተጠቃሚውን ቁጥር እምብዛም እንዳልቀነሰ ታየ። አይስላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። ወላጆች ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋር እንዲውሉ፣ ልጆችም በስፖርትና በሙዚቃ እንዲያዙ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ብለው ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ።

ይህ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪው ቀለሙን የያዘው በአብሾ አልነበረም። ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር እየቀጸለ፣ ታላቁ ታናሹን እያስቀጸለ፣ የኔታ በስሙ እየጠሩት፣ መንደሩ ቁራሽ እየሰጠው ነው። አንጎሉን የከፈተው ድግግሞሽ ነበር፤ ያጸናውም ብቻውን አለመሆኑ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። ለጉርምስና ዕድሜ ልጆቻችን ቅጠሉ ሁለት ነገር ነው፦ እውነቱን ሳይደብቁና ሳያጋንኑ መንገር፣ ከነገሩም በኋላ አብሮ ማምሸት። አብሾ በሹክሹክታ ከትውልድ ትውልድ ተሻገረ፤ መርዝ መሆኑን ግን ጮክ ብሎ የነገራቸው አልነበረም።