የእስክንድርያው ዘንዶ፦ ስለ አንድ ምርኮኛ እባብና ስለ ጥንታዊ ምስክርነት



«ዘንዶ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፍጡራንን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው በተረት የምናውቀው አስፈሪ አውሬ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬም በቆላማው የአገራችን ክፍል የሚኖረው፣ መርዝ የሌለው፣ ያደነውን ጠምጥሞ የሚገድል ትልቅ እባብ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይሁን እንጂ የጥንት ጸሐፊዎች ሁለቱን ሁልጊዜ ለይተው አላቆዩልንም።

ታሪኩ የሚጀምረው በእስክንድርያ፣ እስከ 246 ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት በነገሠው በበጥሊሞስ ፊላደልፎስ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ንጉሥ በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ጋር በተያያዘው ትውፊት ነው። ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖች ስለሚፈልግ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ደቡብ አዳኞችን ይልክ ነበር፤ ብርቅ አውሬ ላመጣለትም ብዙ ይሸልም ነበር። ሽልማቱ ያጓጓቸው አንዳንድ አዳኞች ግዙፍ ዘንዶ በሕይወት ይዘው ለማቅረብ ቆረጡ። ታሪኩን ያቆየልን ዲዮዶሮስ ዘሲሲሊ በሦስተኛው መጽሐፉ ሲሆን፣ የእርሱም ምንጭ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት የጻፈው አጋታርኪደስ ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው እንጂ የዛሬውን ድንበር አለመሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስታወስ አያስፈልገኝም።

ዘንዶው ውኃ በሚጠራቀምበት ኩሬ አጠገብ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እንስሳ ሊጠጣ ሲመጣ ድንገት ይነሣበታል። አዳኞቹ መጀመሪያ ገመድ ይዘው በቀጥታ ቀረቡት። አንዱን በአፉ ያዘው፤ ሌላውን ሲሸሽ በአካሉ ጠምጥሞ አስቀረው፤ የቀሩት ሸሹ።

ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅመው ሁለተኛው ሙከራ ነው። ሰዎቹ ጉልበትን ትተው ማስተዋል ጀመሩ። ዘንዶው ከጉድጓዱ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ሰዓት አጠኑ። ለአደን በወጣ ጊዜ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይና በአፈር ደፈኑ፤ በአጠገቡም ሌላ ጉድጓድ ቆፍረው ከሸምበቆ የተሠራ፣ እባቡን መያዝ የሚችል ወጥመድ አስገቡበት። ሲመለስ ፈረሰኞች፣ ቀስተኞች፣ ወንጭፈኞችና መለከት ነፊዎች ከሩቅ አዋከቡት። እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ቤቱ ግን ተዘግቷል፤ በአቅራቢያው ክፍት ሆኖ ወዳገኘው ጉድጓድ ገባ። የወጥመዱን አፍ ወዲያው አሰሩት። በእኔ አስተያየት እዚህ ዘንዶውን ያሸነፈው የፈረሰኛው ብዛት ሳይሆን፣ የተደናገጠ ዘንዶ ወዴት እንደሚሸሽ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ይህን ምስክርነት ዛሬ ከምናውቀው ጋር እናመዛዝነው። ዲዮዶሮስ የእባቡ ርዝመት 30 ክንድ ነበር ይላል፤ ይህም ከ13 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። የአፍሪካ ዘንዶ ግን ከ6 ሜትር የሚያልፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቁጥሩን ስለዚህ ልንቀበለው አንችልም። ጠባዩን በተመለከተ ግን ትረካው የሚያስገርም ትክክለኛነት አለው፦ በውኃ ዳር አድፍጦ መጠበቁ፣ ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቅ መተኛቱ፣ ሌሎች እንስሳት በተዉት ጉድጓድ መጠለል የሚወድ ፍጥረት እንደመሆኑም ወደ ለመደው ጉድጓድ መመለሱ። እነዚህን ነገሮች በእስክንድርያ ተቀምጦ መፈልሰፍ አይቻልም፤ የመጡት ከአዳኞቹ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ የመጣው ወሬ ሌላ ነው። እባቡን በረኀብ ቀጥተው መንፈሱን ሰበሩት፣ ቀስ በቀስም ለማዳ ሆነ፣ ይባላል። ዘንዶ ግን ሳይበላ ለወራት መቆየት የሚችል ፍጥረት ነው፤ ጾም ለእርሱ ቅጣት ሳይሆን የኑሮው አካል ነው። ሲርበውም ከመለዘብ ይልቅ ለመንከስ ይፈጥናል። አሳዳሪዎቹ ያዩት ምናልባት ድካምን፣ ምናልባትም የእስክንድርያ ክረምት ያመጣበትን መፍዘዝ ይሆናል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ጋር የሚለዋወጥ ፍጥረት ሲበርደው ይዝላልና። ዛሬ ዘንዶ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎችም «ወደደኝ» ሲሉ እንሰማለን። እባቡ የሰውን እጅና ጠረን ይለምዳል፤ ልማድን ፍቅር ብሎ መተርጎም የጌታው ፈንታ ነው።

ንጉሡ አዳኞቹን ሸለመ፤ እባቡንም እየቀለበ ለውጭ አገር እንግዶች ማሳያ አደረገው። ከዚህ በኋላ ዲዮዶሮስ አንድ ክርክር ያቀርባል። ኢትዮጵያውያን በአገራቸው በሬ የሚውጡ፣ ከዝሆን ጋር እንኳ የሚታገሉ እባቦች እንዳሉ ይናገራሉ፤ ይህን የሚያህል እባብ በአደባባይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ቃላቸውን እንደ ተረት መቁጠር ተገቢ አይደለም፣ ይላል። በአዳራሽ የታሰረው አውሬ በሜዳ ላለው ሁሉ ዋስ ሆነ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ምንጩን ስንመረምር መንገዱን ገልብጠን እንሄዳለን፤ በብዙ ሰው ፊት የታየውን ግዝፈትና ለማዳነት እየተጠራጠርን፣ ጥቂት ሰዎች ከቁጥቋጦ ሥር ተደብቀው የቆጠሩትን የመውጫና የመግቢያ ሰዓት እናምናለን።