ከካሴቱ ጀርባ የነበረው ባንድ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ አልበም የድምፃዊ ንብረት ሆኖ ኖሯል። በ1980ዎቹ በሙዚቃ ቤቶች ይሸጥ በነበረ ካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ጎላ ብሎ፣ ስሙም ከፎቶው በላይ ደምቆ ይታያል። ባንዱ ከተጠቀሰም ስሙ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ፣ «አጃቢ» ከሚል ቃል ጋር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከሕግ አዋጆች ዓመት በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሮክ ዓለም ልማድ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ትራሽ ሜታል የሚባለው ፈጣንና ከባድ የሮክ ዘርፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካና በጀርመን ሲወለድ፣ ሜታሊካም ሆነ ስሌየር ወይም ክሪኤተር ገበያ የወጡት በቡድን ስም ነው። ሜታሊካ ከተመሠረተ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ አዲስ አልበም ሲያወጣ ደጋፊው የተከራከረው የባንዱ የጥንት ጉልበት አለ ወይስ የለም በሚል ነበር። በአፍሪካም ቦትስዋናና ኬንያ የራሳቸው የሜታል ባንዶችና ደጋፊዎች አሏቸው። በኢትዮጵያ ግን ነባር ባንድ በራሱ ስም አዲስ አልበም አወጣ ማለት ብርቅ ነው። ችግሩ የሙዚቀኛ እጥረት አልነበረም፤ ንግዱ ከመነሻው ለባንድ ስም ቦታ አልሰጠም።

የመነሻው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አያስቆይም። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ አርመናውያን ወጣቶች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ እና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት ተከሉ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ መሣሪያው የመንግሥት፣ ስሙም የክፍሉ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር፣ አምኃ እሸቴ በ1969 ያን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ የራሱን ሸክላ ማሳተሙ እንደ ድፍረት ተቆጥሮለታል። እሱ ባሳተማቸው ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችም ቢሆን ገበያ ያገኘው የዘፋኙ ስም ነበር። የምሽት ክበብ ባንዶችም ከዚህ የተሻለ ነፃነት አልነበራቸውም። ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ድራሙም የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለነበር ባለቤቱ ሲከፋው ባንዱ ይበተናል።

ከዚህ ሥርዓት ከወጡት መካከል አይቤክስና ዋልያስ ጎልተው ይታያሉ። አይቤክስ በቤዝ ጊታሩ ጆቫኒ ሪኮ እና በሊድ ጊታሩ ሰላም ሥዩም ዙሪያ የተሰባሰበ ባንድ ሲሆን፣ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው እሱ ነው። በ1976 ደግሞ ድምፃዊ የሌለበት አልበም በራስ ሆቴል አዳራሽ ቀረጸ። የቀረጻው ባለሙያ የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረው ስዊድናዊ ካርል-ጉስታፍ ሉንድግሬን ነበር። ስብከት ሊያሰራጭ የመጣ የሉተራን ሬዲዮ ጣቢያ ባለሙያ የዳንስ ባንድ መቅረጹ የዘመኑን አዲስ አበባ ጠባይ ከብዙ ትንታኔ በላይ ያሳያል። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ተብሎ በ1980ዎቹ የካሴት ኢንዱስትሪው ዋና ሞተር ሆነ። ያጀባቸው አልበሞች ከ250 እንደሚበልጡ ይነገራል። ያን ያህል ሥራ የሠራ ቡድን በራሱ ስም ያወጣው አልበም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሰላም ሥዩም በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን በ1988 የሠራው በዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ነው። የሚጫወተውን ሙዚቃ ታሪክ ራሱ የጻፈ ጊታር ተጫዋች በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ዋልያስ ደግሞ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ ከክበብ ባለቤቶች ጥገኝነት በመውጣት ይታወቃል። ኪቦርዱን ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዙን መላከ ገብሬ ይዘው፣ በ1970ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ሆነው ሠሩ። ደርግ የሰዓት እላፊ ባወጀበት ጊዜ ከተማው ሲዘጋ ሆቴሉ አልተዘጋም። ከእላፊው በፊት ወደ ቤቱ ያልገባ ሰው ንጋት ላይ እላፊው እስኪነሳ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም እስከዚያው ይጫወታል። እንዲህ ያለ ሌሊት አንድን ሙዚቀኛ የማይዘፈን ሙዚቃ አርዝሞ መጫወት ያስተምረዋል። በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የወጣው «ቼ በለው» የዚያ ልምድ ውጤት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት ይህ ሸክላ ግጥም የለውም። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ደግሞ በዚያ ዘመን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሳንሱር የሚሰርዘው ስንኝ አያገኝበትም። ከውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ቅንብር ከሁሉም ይበልጥ ታውቋል።

ሸክላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆም ካሴት ሙዚቃን ከዋና ከተማው አውጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር አደረሰው። ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቡና ንግድ ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ ካሴት የሚሰማው በሙዚቃ ቤት ደጃፍ፣ በሻይ ቤትና በቡና ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ተሳፋሪው የዘፋኙን ስም ያውቃል፤ ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ጊታር ግን ማን እንደሚጫወተው የሚነግረው የለም። በአማርኛ ላይ ያተኮረው የካሴት ንግድ በዲላ አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ፣ በጌዴኦኛ፣ ለሚዘፈን ዘፈን ያደረገውም ጥቂት ነው።

የጌዴኦ የራሱ የዘፈን ልማድ ከዚህ ንግድ ጋር አይገጥምም ነበር። በዳራሮ፣ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል በሆነው፣ መሪው ያነሳል፣ ተሰብሳቢው ይቀበላል። ዘፈኑ የተሰብሳቢው ነው እንጂ የአንድ ሰው ስም ተለጥፎበት አይዞርም። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የጌዴኦ ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድና ኤሌክትሪክ ጊታር ከመዘምራን ጋር ገቡ፤ የመዘምራን ካሴት ሽፋን ላይ ደግሞ የሚነበበው የቡድኑ ስምና የካሴቱ ተራ ቁጥር ነው። ደርግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን በዘጋበት ጊዜ እነዚህ ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዱ ተሰራጩ። የአንድ መዘምራን ቡድን «ቁጥር 3» ሲወጣ ከ«ቁጥር 2» ጋር የሚያነጻጽር አድማጭ ነበረ። ይህ ልማድ የሜታል ደጋፊው ለባንዱ ካለው ታማኝነት ጋር ይመሳሰላል፤ መዝሙር ከዓለማዊ ዘፈን ምንም ያህል ቢርቅም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አድማጭ የቡድን ስም ይዞ መከተል አይችልም የሚለው አባባል አያስኬድም፤ የዓለማዊው ሙዚቃ ነጋዴ ያን መንገድ አልሞከረውም ማለት ይቀላል።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሄደ። ዝግጅቶቹ የተከፈቱት በአብዛኛው ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ከአባላቱ ከፊሉ ተመለሱ፣ ከፊሉ እዚያው ቀሩ፤ ባንዱም በዚህ ፈረሰ። የቀሩት ዋሽንግተን አካባቢ በምግብ ቤትና በክበብ መጫወታቸውን ለጥቂት ዓመታት ቀጠሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። በኋላ መድረኩን ትቶ የታክሲ ሾፌር ሆነ። ደለስ በሚባለው የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የዋልያስ ባልደረባው አቀናባሪውና ድምፃዊው ግርማ በየነም ሙዚቃ ትቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል።

የመመለሻው በር የተከፈተው ከውጭ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የሲዲ ተከታታይ የድሮ ሸክላዎችን ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም የአድማጩ ቁጥር በብዙ አደገ። ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የ1985ቱን የኃይሉ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚ ድርጅቱ በኩል ካሴቱን በ2013 እንደገና አሳተመ። «ቼ በለው» በ2014፣ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። እስከዚህ ድረስ ግን የወጣው ሁሉ የድሮ ሥራ ነበር።

አዲሱ አልበም በ2018 መጣ። «ላላ በሉ» በሦስት ሰዎች ብቻ የተሠራ ነው፤ ቶኒ በክ ድራም፣ ማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ ይዘው ከኃይሉ ጋር። አልበሙ በረጅም «ትዝታ» ይጀምራል። ኃይሉ በአኮርዲዮን ዜማውን ቀስ ብሎ ያነሳና፣ ድራሙ ሲገባ ወደ ኪቦርድ እየተሻገረ ፍጥነቱን ይጨምራል። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ድራምም ቤዝም የሌለበት የፒያኖ ብቻ ጨዋታ ነው። ሙዚቀኛው ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ጣቶቹ ግን አልቸኮሉም፣ አልዘገዩምም። የአሜሪካና የአውሮፓ ጋዜጦች አልበሙን በአድናቆት ተቀበሉት፤ የታክሲ ሾፌሩ ታሪክ ከሙዚቃው እኩል፣ አንዳንዴም ከሙዚቃው በላይ፣ ተወራ። ይህ ለጋዜጣ የሚመች ታሪክ የአንድን አቀናባሪ የዓመታት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚያሳጥረው በመጠኑ ያዛባል። በ2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ለዚህ መልስ ይሆናል። የዋልያሱ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን ተመልሶበታል፤ ከድሮ ዜማዎች ጎን የቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር»ም አለበት። ነባሩ ሙዚቀኛ የልጁ ዕድሜ ካለው ዘፋኝ ዜማ መውሰዱ የትናንት ናፋቂ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አውጥቶ ወደ መድረክ ተመልሷል።

ለከባድ ሮክ የቀረበው መመለስ ግን የጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 የተወለደው ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን፣ የጦርነት ጩኸትን፣ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው። ሳክስፎኑ የሽላዩን ጉሮሮ ተክቶ ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፎክራል። በ1979 የተመሠረተው የሆላንድ ፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ዞሮ ተጫውቷል፤ የባንዱን 25ኛ ዓመት ለማክበር በ2004 ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። ከዚያ የመጡት አልበሞች «ሞዓ አንበሳ» በ2006 እና «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ናቸው። የተዛባ የጊታር ድምፅ ከሽለላ ጋር ሲገጥም ሁለቱም እንግድነት አልታየባቸውም። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ሽለላም ሆነ ፓንክ የተሠሩት ደም ለማሞቅ ነው። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ።

በአገር ውስጥ ሮክን በግልጽ ስሙ ጠርቶ የተነሳው ጃኖ ባንድ ነው። በ2011 ተመሥርቶ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ሽፋኑ የአንድ ድምፃዊ ሳይሆን የባንድ ስም ይዞ ወጣ፤ ዘፋኞቹም ከአንድ በላይ ነበሩ። ወጣቱ በጊታሩ ጉልበት ተደሰተ። ለስላሳ ዜማ የለመደው አድማጭ ደግሞ ጩኸት በዛበት አለ። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2018 ሲመጣ፣ ደጋፊው የመጀመሪያውን መለኪያ አድርጎ አዳመጠው። ባንድ በስሙ ሲታወቅ ክርክሩም አብሮ ይመጣል።

ካሴት ከጠፋ በኋላ በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ ሙዚቃ በመጀመሪያ በፍላሽና በሞባይል ሚሞሪ ተጭኖ፣ ቀጥሎ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይሰማ ጀመር። በእነዚህ ላይ ሽፋንም ሆነ የታጠፈ ወረቀት የለም፤ የተጫዋቾች ስም ጨርሶ ይቀራል። በሕግ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ ከዋኝ ማለት ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹም ነው። ይህን አዋጅ ያሻሻለው ቁጥር 872/2007 ሮያሊቲ በጋራ ለሚሰበስቡ ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። ሮሃና ዋልያስ በሠሩበት ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረም፤ ሙዚቀኛው ለቀረጻው አንዴ ይከፈለዋል፣ ካሴቱ ምንም ያህል ቢሸጥ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው የለም። ኃይሉን ያሳተመው የአሜሪካ ድርጅት በአንጻሩ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለመካፈል ይዋዋላል። በ2021 የዋልያስ የ1975 ሥራ «ትዝታ» በሸክላ እንደገና ሲታተምም የወጣው በዚሁ ድርጅት በኩል ነው።